ካሳ፣ ፈንታሁን፣ መርሻ፦ የጎንደር ልጆች ስም የያዘው ታሪክ

ጎንደር ውስጥ ፈንታሁን የሚባል ሰው የማያውቅ ማን አለ? የሠፈር ባለሱቅ፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ የጎረቤት አያት… አንዱ አይጠፋም። ካሳም ሞልቷል። ምትኩ፣ ተካ፣ መርሻ፣ ማስረሻ፣ ይርሳው አሉ። ስማቸውን በቀን አሥር ጊዜ ስንጠራ እንውላለን እንጂ ቃሉን አናዳምጠውም። እስቲ ዛሬ እናዳምጠው። «ፈንታ ሁን»፤ የማን ፈንታ? «ካሳ»፤ የምን ካሳ? «መርሻ»፤ የምን መርሻ?

ከመካከላችን አንዱ ይህንን ጥያቄ ለአያቱ አቀረበላቸው። ቡና እየተጠጣ ነበር። «አባባ፣ የማን ፈንታ ነዎት?» አላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም። ከሳቸው በፊት ሁለት ወንድሞቻቸው ተወልደው «ሳያድጉ» እንደቀሩ ነገሩት። የወንድሞቻቸውን ስም ሲጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «እኔንጃ፣ ማን ነገረኝ ብለህ» አሉት። ሲኒያቸውንም ለሁለተኛው ዘረጉ።

ይህ ጽሑፍ ስም ስላጡት ስለ እነዚያ ሁለት ልጆች ነው። የጎንደርን ታሪክ ስንማር ስለ ፋሲል ግንብ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ዘመነ መሳፍንት ተነግሮናል። ማን ማንን ወግቶ የማንን ዙፋን እንደያዘ በቃላችን እንወጣዋለን። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ ሕይወት ምን ይመስል እንደነበር ግን የነገረን የለም። የእኛ ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው፦ ባለፉት ሰባ ዓመታት በጎንደርና በደጋው አገር ከታዩት ለውጦች ሁሉ ትልቁ የመንግሥት መቀያየር አይደለም። ትልቁ ለውጥ፣ አንዲት እናት የወለደችውን ልጅ ያድጋል ብላ መጠበቅ መጀመሯ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ስንት ወለድሽ? ስንት አደገልሽ?»

ድሮ ሴቶች ሲተዋወቁ የሚጠያየቁት ጥያቄ ሁለት ነበር። «ስንት ወለድሽ?» ቀጥሎ «ስንት አደገልሽ?» ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እንደማይሆኑ ጠያቂዋም ተጠያቂዋም ያውቁታል። ዛሬም ልጅ ለወለደ ሰው የምንመርቀው «ያሳድግልህ» ብለን ነው። ይማርልህ፣ ያግባልህ፣ ይሹምልህ አላልንም፤ መጀመሪያ ይደግ። ምርቃቱ እንዲሁ ለወግ የመጣ አይደለም። አያቶቻችን ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ምን እንደነበር ይነግረናል።

ስም አወጣጡም እንደዚሁ ነው። ልጅ የሞተባት እናት ቀጣዩን ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ ወይም ፈንታሁን ትለዋለች። ሐዘኗን እንዲያስረሳት መርሻ፣ ማስረሻ፣ ይርሳው ትለዋለች። ይርጋ ብላ «እባክህ እርጋልኝ፣ አትሂድብኝ» ያለችም አለች። እርግጥ ካሳ የተባለ ሁሉ ከሞተ ልጅ ቀጥሎ የተወለደ አይደለም። በአባት ሞት፣ በወንድም ሞት፣ በጠፋ ሀብትም «ካሳ» ይባላል። ቢሆንም አንድ የድሮ የዕድር መዝገብ ገልጣችሁ ስሞቹን ብታነቡ፣ ኅዳግ ላይ ያልተጻፉ ሕፃናት እንዳሉ ይሰማችኋል።

ቁስቋም፣ 1770

«ይህ የድሃ ታሪክ ነው፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደገ ልጅ ምን ይሆናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ካለው ኮረብታ ላይ ነው።

አፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸውን አንግሠው አገሪቱን ራሳቸው መሩ። የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥትም አሠሩ። ቁስቋም በግብፅ ያለ ቦታ ስም ነው፤ እመቤታችን ከሄሮድስ ሰይፍ ልጇን ይዛ ስትሰደድ ያረፈችበት ነው ተብሎ ይታመናል፤ በዓሉም ኅዳር 6 ይከበራል። የአገሪቱ ኃያል ሴት ለመኖሪያቸው የመረጡት ስም፣ ልጇን ለማትረፍ የሸሸች እናት ያረፈችበትን ስም ነው።

ምንትዋብ ግን ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ቀብረዋል። ኢያሱ በ1755 ሞቱ። ልጃቸው ኢዮአስ በልጅነታቸው ነገሡ፤ በ1769 ከዙፋን ወርደው ተገደሉ። ያስገደሏቸው ራስ ሚካኤል ስሑል ደግሞ የምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል ነበሩ።

በዓመቱ፣ በየካቲት 1770፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟት ነበር። በሽታው ቁስቋም ቤተ መንግሥት ገብቶ የአስቴርን ልጅ ኮንፉን ጨምሮ የቤቱን ልጆች አልጋ ላይ ጥሏል። ብሩስ መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ተጠራ። ያደረገውን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል፦ የተዘጋጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ ክፍሎቹን በሙቅ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፣ ዕጣንና ከርቤ አስጤሰ። ሰውየው ራሱን ማሞገስ እንደሚወድ አንባቢዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ነገር ግን ከሙያው ይልቅ እኛን የያዘን ያየው ነገር ነው። ወርቅ፣ ጦርና ካህናት በሞሉበት ቤት ውስጥ አንዲት እናት በታመመ ልጇ አልጋ ዙሪያ ስትንከራተት አየ። ኮንፉ ተረፈ። ከቤተሰቡ ያልተረፉም ነበሩ። በዚያ ዘመን ለፈንጣጣ መድኃኒት የሚባል ነገር በጎንደርም በለንደንም አልነበረም። የእንግሊዙ ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር የላም ፈንጣጣን ለክትባት የሞከረው በ1796፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በሕፃን አልጋ አጠገብ የቁስቋም እመቤትና የተራ ሠፈር እንጀራ ጋጋሪ እኩል ነበሩ ማለት ነው።

ሁለት ካሳዎች

ወደ ስማችን እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከነገሡት ነገሥታት ሁለቱ በልጅነት ስማቸው ካሳ ነበሩ። አንደኛው ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ። ሁለተኛው ካሳ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ። አንዱ ከቋራ፣ አንዱ ከትግራይ። ቤታቸው ተራራ ለተራራ ቢራራቅም፣ ወላጆች ልጅ ሲያቅፉ ወደ አፋቸው የመጣው ቃል አንድ ነው። ለየትኛው እጦት ካሳ እንደነበሩ የጻፈ ዜና መዋዕል አላየንም።

የቴዎድሮስ እናት ስም ደግሞ አትጠገብ ነው። ተመልከቱት፤ እሷን ያወጣላት ቤት ደስታ ላይ ነበር፣ እሷ ልጇን ስታቅፍ ግን ስሙ ካሳ ሆነ። ከልጇ ጋር ጎንደር ገብታ ተቸገረች። ጠላቶቹ በኋላ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው የሰደቡት በዚህ ነው። ስድቡ ስድብ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመናል። ብቻዋን የቀረች እናት ልጇን ለማሳደግ ኮሶ ብትሸጥ ምኑ ላይ ነው ነውሩ? ኮሶ እኮ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት የሚፈልገው መድኃኒት ነው። ካሳ ወደ ገዳም ትምህርት ቤት ተላከ፤ ገዳሙ ሲወረር ከሞት አምልጦ ወጣ። በሕይወት ማደጉ ራሱ ዕድል ነበር። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ቲያትር ተሠርቷል። «ሳያድግ ቢቀርስ ኖሮ?» ብሎ የጠየቀ ግን አላየንም።

አንቀልባ፣ ቁንጮ፣ ክታብ

ታዲያ እናቶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ? ፈጽሞ። የደጋው ቤት ሕፃን በያዘ ሰሞን ዙሪያውን የታጠረ ምሽግ ይመስላል።

ምጥ ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» ይላል። ልጅ ሲወለድ እልልታ፣ ለአራሷ ገንፎ፣ ለጠያቂ ጠላ። አራሷ ከቤት አትወጣም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ማተብ ይታሰራል። ሳይጠመቅ የሄደ ሕፃን የክርስትና ስም እንኳ አይደርሰውም። በአዲስ ዓለም የሚኖሩት ሙስሊም ቤተሰቦችም በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣሉ፣ አቂቃ ያርዳሉ። ከዚያ ልጁ በአንቀልባ ታዝሎ ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ ወፍጮ ይፈጫል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ገበያ ይሄዳል። እናት ስትደክም ታላቅ እህቱ፣ እሷም ገና ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሞላት፣ አዝላ እሹሩሩ ትለዋለች። ጠጉሩ ተላጭቶ መሐል አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል። ቆዳ ውስጥ የተሰፋ ክታብ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። አንዳንዷ እናት ወንዱን «አንቺ» እያለች ትጠራዋለች፤ ክፉ ዓይን እንዲስተው።

ጎጂም ነበረበት። ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት ብዙ ልጅ ጎድቷል። ግን እኛ ከተሜዎቹ ከመሳቃችን በፊት አንድ ነገር እናስብ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ልጅ ስለማይወደድ አይደለም። እናት ያላትን ሁሉ እየሞከረች ስለነበረ ነው። ያላት ደግሞ ይኸው ነበር።

የዚህ ፍርሃት ሌላ ፊትም አለው፤ እሱን መሸፈን አንፈልግም። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው ጎረቤት ላይ ነበር። በወለቃና በሌሎች የጎንደር መንደሮች የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ፣ «ቡዳ ናቸው» እየተባሉ ተፈሩ፣ ተገለሉ። በሽታው ግን የእነሱንም ልጆች ይወስድ ነበር። አብዛኞቹ በ1984-85 እና በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ያንን ስም ለትውልዶች ተሸክመው ኖረዋል። የልጅ ሞት የሚገድለው ልጁን ብቻ አልነበረም። ጉርብትናንም ይገድል ነበር።

ከደምቢያ ወባ በኋላ

በ1953 ከጎንደር በስተደቡብ፣ ጣና ዳር ባለው የደምቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ይጠቀሳል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ወባ ደጋውን ሳይቀር አዳርሶ በመላ አገሪቱ 150,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። በእንዲህ ያለ ወረርሽኝ ቀድሞ የሚያልቀው ሕፃንና ነፍሰ ጡር ነው።

ጎንደር ግን በእነዚህ በሁለቱ ወረርሽኞች መካከል አንድ ነገር ተክላለች። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የልማት እርዳታ አብረውበታል። ሐሳቡ ለዘመኑ አዲስ ነበር። ሐኪም ለማፍራት ረጅም ዓመት ይፈጃል፣ ገንዘቡም የለም፤ የተመረቀውም ከተማ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ሰው አንድ ላይ ሆኖ ገጠር የሚወርድ ቡድን ይሠልጥን ተባለ፦ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ እና የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ (በጊዜው አጠራር ሳኒታሪያን)። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናትና ልጅን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ያ ኮሌጅ ነው እያደገ ሄዶ በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

እስቲ አስቡት። ጎንደር ስትባል ለቱሪስት የምናሳየው ግንቡን ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ከዚያች ከተማ ወጥቶ የአገሪቱን ተራ ቤት የለወጠው የግንቡ ነዋሪ ሳይሆን፣ ሻንጣውን በበቅሎ ጭኖ ወደማያውቀው ወረዳ የወረደው የሃያ ሦስት ዓመት ጤና መኮንንና አብራው የሄደችው ነርስ ናቸው። ሐውልት የላቸውም።

ከክታብ ወደ ክትባት

የአማርኛችንን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ክታብና ክትባት ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው፤ «ከተበ» ከሚለው። ደብተራው በብራና ላይ ይከትባል፣ ነርሷ ክንድ ላይ ትከትባለች። ለእናትየዋ ሁለቱም ልጅ መጠበቂያ ናቸው።

ሐሳቡም ከውጭ የመጣ እንግዳ አልነበረም። ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ መክተብ በአገራችን ከዘመናዊው ክትባት በፊት ይታወቅ ነበር። አደጋም ነበረው፤ የተከተበው ሰው በሽታውን ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት የተጀመረው ዘመቻ በ1971 ኢትዮጵያ ሲገባ በደጋው አካባቢ ከገጠሙት ፈተናዎች አንዱም ይኸው ነበር፤ «የራሳችን ክትባት አለን» የሚል ገበሬ። ከታቢዎቹ ጫፏ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ መርፌ ይዘው ገደል ወጡ፣ ወንዝ ተሻገሩ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በ1976 በኦጋዴን ተገኘ። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የያዘው በሽተኛ በ1977 በሶማሊያ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ። የቁስቋምን ቤተ መንግሥት ደፍሮ የገባው በሽታ ለዘላለም ተሰናበተ።

በዚያው በ1980 ኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ጀመረች። ስድስት በሽታ፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻ፣ ኩፍኝ። የአያቶቻችንን ልጆች የወሰዱት በአብዛኛው እነዚህና ወባ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች ናቸው። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጡ። ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ተመድበው የክትባት ካርድ፣ አጎበርና የመጸዳጃ ቤት ጭቅጭቅ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ።

ውጤቱን ቁጥር ይናገር። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት አንድ ማለት ነው። በ2005 ቁጥሩ 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67 ሆነ፤ ከአሥራ አምስት አንድ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ! ፎቅ ስናይ «አገር ተለወጠ» እንላለን። የተለወጠው ዋናው ነገር ግን በዓይን የማይታይ ነው፤ ያልተቀበሩ ልጆች ናቸው።

ለዳባት ደግሞ ልዩ ቦታ አለን። ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ወረዳ፣ የጎንደሩ ተቋም ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን ይመዘግባል። ነገሩ ደረቅ የጥናት ሥራ ይመስላል። እኛ ግን ስናነበው የአያትየው ሁለት ወንድሞች ትዝ አሉን። በዚያ መዝገብ ላይ ሳያድግ የቀረ ሕፃንም ይጻፋል። «ነበር» ይባላል።

ያልተዘጋ ሒሳብ

እዚህ ላይ አጨብጭበን ብንጨርስ ደስ ባለን። ግን ውሸት ይሆናል።

አንደኛ፣ በዚያው በ2016 ጥናት የአማራ ክልል ቁጥር 85 ነበር፤ ከአገሪቱ አማካይ በላይ። ሁለተኛ፣ ከ67ቱ ሟቾች 29ኙ አንድ ወር እንኳ ያልሞላቸው ናቸው። ለእነሱ የክትባት ካርድ አይበቃም። በሌሊት የሚደርስ መኪና፣ የሠለጠነች አዋላጅ፣ መብራት የማይጠፋበት ጤና ጣቢያ ያስፈልጋል። ሦስተኛውና ከባዱ ጦርነት ነው። ከ2020 እስከ 2022 የነበረው ጦርነት በ2021 እስከ ዳባት ደርሷል፤ በክልሉ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በነሐሴ 2023 በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ መንገድ ዘጋ፣ አምቡላንስ አስቆመ፣ መድኃኒት አጓደለ።

ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አይደለም ይህንን የምናነሣው። ልንል የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ክትባት ቀጠሮ አለው። ኩፍኝ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ነው የሚሰጠው፤ ሕፃኑ ድርድሩ እስኪያልቅ ዘጠኝ ወር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ለመገንባት ሰባ ዓመት የፈጀው፣ ከጤና መኮንኑ በቅሎ እስከ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የፕላስቲክ ጫማ ድረስ ያለው ሰንሰለት፣ በጥቂት ወራት ሊበጠስ ይችላል። የተበጠሰ ቀን የሚመለሰው በሽታ ብቻ አይደለም። ስሞቹም ይመለሳሉ።

ዛሬ ጎንደር አንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆማችሁ ስታዳምጡ የምትሰሙት ሌላ ነው። ናታን፣ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ አሜን… አንዳንድ ሰው «የአባቶቻችን ስም ጠፋ» ብሎ ይቆጫል። እኛም ፈንታሁን የሚለውን ስም እንወደዋለን፤ ልጆቻችንን በአያቶቻችን ስም ብንጠራ ደስ ይለናል። ነገር ግን ስሙ እየቀነሰ የመጣበት አንዱ ምክንያት ፈረንጅ መውደድ ብቻ ሳይሆን፣ ፈንታ የሚሆኑለት የሞተ ወንድም ስለሌለ ከሆነ፣ ይጥፋ። እንዲህ ያለ ስም ሲጠፋ አናዝንም።

ለእናንተ አንድ የቤት ሥራ አለን። በዚህ ሳምንት አያታችሁ ጋ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆኑ ደውሉ። «እማማ፣ ስንት ወለዱ? ስንት አደገልዎ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገጣጠሙ ልዩነቱን አትዝለሉት። ስማቸውን ጠይቁና ጻፉት። ካላስታወሱት ደግሞ ስንት እንደነበሩ ብቻ ጻፉ።

የኛ ጓደኛ ሁለት ብሎ ጽፏል።